ለዩአይ ቴስት ብለን የቱልኪቱን ኢንተርናል ክላሶች «ፐብሊክ አድርጉልን» ማለት ነውር ነው እንዴ?

ማታ_ኮደር፦

ሰላም ጓዶች፣ ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው ታገሱኝ። የክላስ ስሞቹን እንደሚነበቡት በፊደል ነው የጻፍኳቸው፣ በየመስመሩ ኪቦርድ መቀያየር ሰልችቶኛል፣ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል።

በጃቫ ኤፍኤክስ (መስኮትና በተን መሥሪያው የጃቫ ቱልኪት) የተሠራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አለን፣ ለዓመታት ጃቫ 8 ላይ ሲሮጥ የኖረ ነው። አሁን ወደ ጃቫ 17 እና ወደ ጃቫ ኤፍኤክስ 17 አሻግሪው ተብዬ ፕሮግራሙ ራሱ በሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ ዩአይ ቴስቶቹ (እንደ ተጠቃሚ ስክሪኑን እየተጫኑ የሚፈትሹት) ግን ይሄው ሦስተኛ ሳምንቴን ይዘውኛል። ለምን ብትሉ ከኔ በፊት ቴስቶቹን የጻፈው ሰው መንገድ ባጣ ቁጥር ኮም.ሳን ብለው የሚጀምሩት ፓኬጆች፣ ማለትም ለውጭ ሰው ያልታሰቡት ኢንተርናሎች ውስጥ እየገባ የቱልኪቱን ሆድ ዕቃ ነው የነካካው። ያኔ ማንም አልከለከለውም፣ አሁን በሩ ተቆለፈ።

በጣም ያስቸገረኝ ይሄኛው ነው። አንድ ሰንጠረዥ አለ፣ ረድፉ ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ ሜኑ ይወጣል፣ ቴስቱ «ሰርዝ» የሚለውን አይተም ፈልጎ በማውዝ ይጫነውና ረድፉ መጥፋቱን ያያል። በቃ ይሄው ነው። አይተሙ ስክሪን ላይ የት ጋ እንዳለ ለማወቅ ግን የድሮው ኮድ ኮንቴክስትሜኑኮንቴንት የሚባለውን ኢንተርናል ክላስ ይዞ፣ ውስጡ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ እየዞረ፣ ጽሑፉ «ሰርዝ» የሆነውን ያወጣና መሀሉን ይጫናል። አሁን ኮምፓይለሩ ፓኬጁ አይታየኝም፣ ሞጁሉ (ፓኬጆቹን የያዘው ጥቅል) ኤክስፖርት አላደረገውም፣ ማለትም ለውጭ አልከፈተውም እያለ ይጮኻል።

እና ያሰብኩት ለቱልኪቱ ሰዎች ቲኬት (የማሻሻያ ጥያቄ) ልክፈት ነው። ክላሱ እኮ አለ፣ ኮዱም ክፍት ነው ማንም ያነበዋል፣ ክላሱ ላይ ፐብሊክ የሚለው ቃል ራሱ ተጽፏል፣ የቀረው ሞጁል ፋይሉ ላይ አንዲት ኤክስፖርትስ የምትል መስመር መጨመር ብቻ ነው። አንድ መስመር! ቴስት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይገላገላል። ይሄን መጠየቅ ምን ችግር አለው? ወይስ ሌላ መንገድ እያለ እኔ ነኝ ያላየሁት?

ስታክትሬስ፦

ወንድሜ ቲኬቱ እስኪታይልህ ድረስ ቴስቶችህን ዛሬውኑ ማስነሳት ትችላለህ። አድ ኤክስፖርትስ የሚባለውን ፍላግ (የተዘጋ ፓኬጅ በግድ የሚከፍት የትእዛዝ አማራጭ) ተጠቀም፣ ሞጁሉን ጃቫኤፍኤክስ.ኮንትሮልስ ብለህ፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ የፓኬጁን ስም፣ እኩል ይሆናል ኦል-አንኔምድ (ሞጁል ለሌለው ኮድ ሁሉ ማለት ነው)። ሰው ሁሌ የሚስተው ነገር ግን ፍላጉ ሁለት ቦታ ነው የሚገባው፣ ለኮምፓይለሩም ለሚያስሮጠው ጄቪኤምም። ፕሮጀክቱን የምትገነባው በሜቨን ከሆነ ኮምፓይለር ፕለጊኑ ላይ ብቻ ጨምረህ ቴስት የሚያስሮጠውን ሹርፋየሩን ከረሳኸው ኮምፓይል ያደርግና ቴስቱ ሲነሳ ኢሊጋል አክሰስ ኤረር ይሰጥሃል፣ እኔ በዚህ ግማሽ ቀን በልቶኛል።

ሌላው ደግሞ ፓኬጁ ቦታ ቀይሯል። ጃቫ 8 ላይ ኮንቴክስትሜኑኮንቴንት የነበረው ኮም.ሳን.ጃቫኤፍኤክስ.ሲን.ኮንትሮል.ስኪን ውስጥ ነበር፣ ከ9 ጀምሮ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ስኪን» የለችም። ስለዚህ ኢምፖርቱንም አስተካክል፣ አለበለዚያ ፍላጉን ምንም ብታሳምረው አያገኘውም። በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ክላስ ውስጥ ገብቶ በማየት) ፕራይቬት ፊልድ የሚነካ ኮድም ካለህ ለዚያ አድ ኤክስፖርትስ አይበቃም፣ አድ ኦፕንስ ነው የሚያስፈልገው።

አንዳንዱ ሰው የጃቫ ኤፍኤክስን ጃሮች ክላስፓዝ (ሞጁል የማያውቀው የድሮው መንገድ) ላይ ጣላቸውና ሞጁል ምናምን የሚባለውን እርሳው ይልሃል። ይሠራል፣ አልዋሽህም፣ ግን ከጃቫ ኤፍኤክስ 16 ጀምሮ ሲነሳ «ይሄ አቀማመጥ አይደገፍም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ዛሬ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ነገ ምን እንደሚሆን አንተው አስበው።

የላይብረሪ_ሰው፦

«አንድ መስመር» ስትል ሳቄ መጣ፣ አትቀየመኝ፣ እኔም ድሮ እንደዛ አስብ ስለነበር ነው።

ትንሽ የቻርት ላይብረሪ ነበረችኝ። አንድ ቴስት የሚጽፍ ልጅ መጣና «ማውዙ ነጥቡ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ትንሽ ሳጥን የሚሠራውን ክላስ ፐብሊክ አድርግልኝ፣ ጽሑፉን ማንበብ ብቻ ነው የምፈልገው» አለኝ። ምን ቸገረኝ ብዬ አደረግኩለት። ወራት ቆይቼ ሳጥኑን ከሥሩ ልቀይረው ፈለግኩ፣ ውስጡ ያለው ቪቦክስ (ነገሮችን ከላይ ወደ ታች የሚደረድረው) ቀርፋፋ ሆኖብኝ በሌላ ልተካው ነበር። ቀየርኩት፣ ለቀቅኩት፣ በሁለተኛው ቀን ስድብ የተቀላቀለበት ሪፖርት መጣ። ለካ የማላውቀው ሰው ክላሱን ኤክስቴንድ አድርጎ (ወርሶ) ቪቦክሱ ውስጥ የራሱን በተን ጨምሮበታል፣ ቴስት የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም። የሱ ፕሮግራም ለደንበኛ ተሽጧል። ማን ነው ጥፋተኛው? እኔ ነኝ፣ ፐብሊክ ያልኩት እኔ ነኛ። ለውጡን መልሼ አነሳሁት፣ ያች ቀርፋፋ ቪቦክስ እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

አየህ ቴስተሩ የጠየቀኝ ጽሑፉን ማንበብ ነበር፣ የሰጠሁት ግን ሙሉ ክላሱን ነው፣ ከነኮንስትራክተሩ ከነልጆቹ። አንዲት ጽሑፉን የምትመልስ ሜተድ ብሰጠው ኖሮ እሱም ይረካ እኔም ሳጥኑን እንደልቤ እቀይር ነበር።

ለራሳችን ቴስት ነው ከተባለ ደግሞ ለዓለም ሳይከፍቱ ለቴስት ብቻ የሚከፍቱበት መንገድ አላቸው። በማይክሮሶፍቱ ዶትኔት ላይ ኢንተርናልስ ቪዚብል ቱ የሚባል አትሪቢዩት አለ፣ «ኢንተርናሌን ለዚህ ቴስት አሴምብሊ ብቻ አሳየው» ትለዋለህ። ኪውት (ሌላ ቱልኪት ነው) ላይ አውቶቴስት ኤክስፖርት የሚል ማክሮ አለ፣ ክላሱ የሚወጣው ለዴቨሎፐር ተብሎ በተገነባ ቢልድ ላይ ብቻ ነው፣ ተራው ተጠቃሚ የሚያወርደው ላይ የለም። ጃቫ ኤፍኤክስ ራሱም የገዛ ቴስቶቹን ሲጽፍ ኢንተርናሉን ፐብሊክ አላደረገም፣ ሪፖው ውስጥ «ሺምስ» የሚል ፎልደር ታገኛለህ፣ እዚያው ፓኬጅ ውስጥ የሚቀመጡ ቀጫጭን ክላሶች ናቸው፣ ቴስት ሲሮጥ ብቻ ሞጁሉ ላይ ይለጠፋሉ። ቤቱን የሠራው ሰው ራሱ በመስኮት እየገባ ሳለ ለእንግዳ በሩን ክፈቱ ማለት ይከብዳል።

ጥያቄ_አብዢ፦

ያንተ ታሪክ ያሳዝናል ግን ድምዳሜው አልተዋጠልኝም። ሺምስ እኮ ለቱልኪቱ ሠራተኞች ነው፣ እኛ ውጪ ያለነው በምናወርደው ላይብረሪ ውስጥ ያንን ፎልደር አናገኘውም። «ለራሳችን በጓሮ እንገባለን እናንተ ግን ደጅ ቁሙ» ነው ነገሩ።

ደግሞ በጥያቄ ብዛት ኢንተርናል የነበረ ነገር ፐብሊክ ሆኖ አያውቅም እንዴ? ጃቫ 9 በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የኮንትሮሎቹ ስኪን ክላሶች (መልካቸውን የሚስሉት) በሙሉ ማለት ይቻላል ከኮም.ሳን ወጥተው ፐብሊክ ፓኬጅ ገቡ። ቨርቹዋልፍሎውም አብሮ ወጣ፣ ሊስትና ሰንጠረዥ ለሚቴስት ሰው እሱ ማለት ትልቅ ነገር ነው፣ የሚታዩትን ሴሎች የሚይዘው እሱ ነዋ። በ2018 እ.ኤ.አ. ጃቫ ኤፍኤክስ 11 ላይ ደግሞ ሮቦት መጣ፣ ማውዝና ኪቦርድ የሚያንቀሳቅሰው፣ ከዚያ በፊት ሁላችንም ግላስ (የቱልኪቱ ታችኛው ንብርብር) ውስጥ ያለውን ኢንተርናሉን ሮቦት ነበር የምንሰርቀው። ሰው ዝም ቢል ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር? ጠያቂው ቲኬቱን ይክፈት ባይ ነኝ።

የላይብረሪ_ሰው፦

እኔ መች አይክፈት አልኩ። ግን የጠቀስካቸውን ሁለቱን ረጋ ብለህ እያቸው፣ ለኔው ነው የሚመሰክሩት። ስኪኖቹ እንዳሉ በሩ አልተከፈተላቸውም፣ መጀመሪያ ታጠቡ፣ ሊደበቅ የሚገባው ተደበቀ፣ ከዚያ ሌላ ፓኬጅ ገቡ። ጠያቂያችንን ያስቸገረው ኮንቴክስትሜኑኮንቴንት ያኔ ሲታይ «አንተ ኢንተርናል ትሆናለህ» ተብሎ ነው ወደ ኋላ የቀረው፣ ስታክትሬስ ፓኬጁ ቦታ ቀየረ ያለው እኮ ይሄን ነው። የግላሱ ሮቦትም ዛሬም ኢንተርናል ነው! ፐብሊክ የሆነው አዲስ ሮቦት ነው፣ ተጠቃሚ እንዲነካው ተብሎ የተጻፈ፣ የድሮው ከሥሩ ሆኖ ያገለግለዋል። ማለትም ሰዎቹ የሰሙት «ይሄን ክላስ ክፈቱልን» የሚለውን ሳይሆን «ማውዝ ማንቀሳቀስ እንፈልጋለን» የሚለውን ነው።

ስለዚህ ቲኬት ስትከፍት የክላስ ስም አትጥራ፣ ቴስትህ ምን ማወቅ እንዳቃተው ንገራቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመጠየቅህ በፊት አክሰሲቢሊቲውን ፈትሽ። ስክሪን ሪደር (ለዓይነ ስውራን ስክሪኑን የሚያነበው) የሚፈልገውና ቴስት የሚፈልገው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ ይሄ ምንድነው፣ ምን ተጽፎበታል፣ አምስተኛው የቱ ነው። ኖድ (ስክሪን ላይ የሚሳል ማንኛውም ክፍል) ሁሉ ላይ ኩዌሪ አክሰሲብል አትሪቢዩት የምትል ፐብሊክ ሜተድ ከጃቫ 8 አፕዴት 40 ጀምሮ አለች። ሊስትቪውን «አይተም አት ኢንዴክስ» ብለህ ስትጠይቀው ሴሉን ራሱን እንደ ኖድ ይሰጥሃል። ሰው ለቴስት አስቦ ስላልሠራት ማንም አያያትም።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

እዚህ ቤት ዓመት ሙሉ አንብቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ ክርክሩ ደስ ይላል ግን የልጁን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም እኮ።

ሜኑአይተም ላይ ጌት ስታይለብል ኖድ የምትባል ሜተድ አለች፣ ፐብሊክ ናት፣ ከ9 ጀምሮ። ሜኑአይተም ራሱ ኖድ አይደለም፣ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ኮንቴንቱ ውስጥ ገብቶ የሚቆፍረው። ይቺ ሜተድ ግን ያንን ቁፋሮ ራሷ ውስጥ ለውስጥ ሠርታ አይተሙን ስክሪን ላይ የሚስለውን ኖድ ትመልስልሃለች። የምትመልሰው «ኖድ» በሚል ተራ ዓይነት ነው፣ የኢንተርናሉን ክላስ ስም መጥራት አያስፈልግህም። ከዚያ የኖዱን ባውንድስ ወስደህ ሎካል ቱ ስክሪን ብትል የስክሪን ቦታውን አገኘህ፣ ሮቦቱን ወስደህ መሀሉን ተጫን። ፍላግ የለ፣ ኮም.ሳን የለ።

በነገራችን ላይ «ለምን አትገላገልም፣ ሜኑአይተሙ ላይ ፋየር ብለህ ጥራው» የሚልህ ሰው ይመጣል፣ አትስማው። በተን ላይ ፋየር ስትል በተኑ ዲሴብልድ (እንዳይጫን የተዘጋ) ከሆነ ዝም ይላል፣ ሜኑአይተም ላይ ግን ዲሴብልድ መሆኑን ሳያይ አክሽኑን ይለቀዋል። ማለትም ተጠቃሚው ሊጫነው የማይችለውን አይተም ቴስትህ ተጭኖ «አለፈ» ይልሃል።

ሌላ ቦታ ላይ ሌብልድቴክስት የሚል ኢምፖርት ካገኘህ ደግሞ፣ እሱም ኢንተርናል ነው፣ ግን ኤክስቴንድ የሚያደርገው ተራውን ቴክስት ነው። ካስቱን ወደ ቴክስት ቀይረው በቃ።

ማታ_ኮደር፦

ኧረ ተባረኩ ሁላችሁም። በመጀመሪያ «ወንድሜ» እና «ልጁ» ላላችሁኝ፣ እህት ነኝ ሃሃ፣ አልተቀየምኩም።

ስታክትሬስ ያልከውን ትናንት ማታ አደረግኩት፣ ኢምፖርቱን አስተካክዬ ፍላጉን ሁለቱም ጋ ስጨምር አብዛኛው ቴስት ተነሳ፣ ቢያንስ አለቃዬ አረንጓዴ አየ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፍላጉን ለማውጣት ብዬ የዝም ብዬ አንባቢን ሜተድ ሞከርኩ፣ እና ነል (ባዶ) መለሰችልኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ነል። አይተሙ አለ፣ ጽሑፉ ልክ ነው፣ ኖዱ ነል። ምንድነው ያጠፋሁት?

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

ይቅርታ እህቴ፣ ከጽሑፍሽ «አሻግሪው ተብዬ» የሚለውን እያየሁ አልፌው ነው።

ሜኑውን ከማውጣትሽ በፊት ነው የጠየቅሻት አይደል? ፖፕአፑ እስኪታይ ድረስ ስኪን የለውም፣ ስኪን ከሌለ የሚስለው ኖድም ገና አልተፈጠረም፣ ስለዚህ ነል ትላለች፣ እውነቷን ነው። መጀመሪያ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ሜኑው ኢዝ ሾዊንግ እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያ ኖዱን መጠየቅ። ጥያቄውንም ከቴስት ትሬድ አታድርጊው፣ ራን ሌተር ውስጥ አስገቢና ስክሪኑን በሚያንቀሳቅሰው በኤፍኤክስ ትሬድ ላይ ይሁን። ስሊፕ 500 ምናምን ብለሽ እንዳትገላገይ ብቻ፣ አንቺ ማሽን ላይ ያልፍና ቢልድ ሰርቨሩ ላይ ሲወድቅ ታለቅሻለሽ።

ማታ_ኮደር፦

እሱው ነበር! ቅደም ተከተሉን ገልብጬው ነው። ሠራ፣ ኮንቴክስትሜኑኮንቴንት የሚለው ቃል ከፕሮጀክታችን ጠፋ።

ከሰዓት በቀሩት ላይ ዞርኩ። ሌብልድቴክስቶቹን በሙሉ ወደ ቴክስት ቀየርኳቸው፣ ፋይንድ ሪፕሌስ ብቻ ነበር። ሊስቶቹ ላይ ቨርቹዋልፍሎው የሚለውን ኢምፖርት ወደ ፐብሊኩ ፓኬጅ ሳዛውረው ብዙም ሳልነካካ ኮምፓይል አደረገ። ትንሽ ያለፋኝ ዴትፒከሩ ነው፣ የድሮው ኮድ ዴትፒከርኮንቴንት የሚባለውን ኢንተርናል ይዞ ነበር ቀኑን የሚጫነው። ለካ ዴትፒከርስኪን ፐብሊክ ሆኗል፣ ጌት ፖፕአፕ ኮንቴንት ስለው ካላንደሩን እንደ ተራ ኖድ ሰጠኝ፣ ከዚያ ዴይ-ሴል በሚለው የሲኤስኤስ ስም ሴሎቹን በሙሉ ለቀምኳቸው። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቁ፣ መጀመሪያ «30» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጌ ስጫን ካላንደሩ ያለፈውን ወር ትርፍራፊ ቀኖችም ስለሚያሳይ ያለፈውን ወር 30 ነበር የተጫንኩት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዴቱ ለምን አንድ ወር ወደ ኋላ ሄደ ብዬ ፕሮግራሙን ስወቅስ ነበር። አሁን ጽሑፉን ትቼ ዴትሴሉ የያዘውን ሎካል ዴት ነው የማወዳድረው።

ስታክትሬስ፦

ጎበዝ ነሽ። ፍላጉን አወጣሽው ወይስ?

ማታ_ኮደር፦

ከአንድ ፋይል በስተቀር። ከለርፒከሩ ላይ «ሌላ ቀለም» ሲባል የሚወጣው ዲያሎግ ቀርቷል፣ እሱን ከስኪኑ በኩል የማገኝበት መንገድ አላየሁም። መስኮቶቹን በሙሉ የምትመልሰውን የዊንዶው ስታቲክ ሜተድ ተጠቅሜ ልፈልገው እችላለሁ መሰለኝ፣ ግን ሁለት መስኮት አንድ ላይ ሲከፈት የትኛው እንደሆነ በርዕሱ መለየት ሊሆን ነው፣ ርዕሱ ደግሞ በየቋንቋው ይቀያየራል። ለጊዜው ፍላጓን ለዚያ ሞጁል ብቻ ትቻት ለምን እንደቀረች ኮሜንት ጽፌባታለሁ።

ቲኬቱንም ጀመርኩት። የመጀመሪያው ረቂቄ «ከስተምከለርዲያሎግ ፐብሊክ ይሁን» የሚል ነበር፣ አጠፋሁት። አሁን ያለው «ከከለርፒከር የተከፈተውን የቀለም ዲያሎግ ከከለርፒከሩ ተነስቶ ማግኘት አይቻልም፣ በዚህ ምክንያት ዩአይ ቴስት መስኮቱን በርዕሱ ለመፈለግ ይገደዳል» ነው የሚለው፣ ከሥሩ አጭር ኮድ አያይዣለሁ። የላይብረሪ ሰው፣ ይበቃል?

የላይብረሪ_ሰው፦

ይበቃል፣ እንዲያውም ለእኔ ቢመጣልኝ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። ዲያሎጉን ወይም ቢያንስ መስኮቱን የሚመልስ አንድ ሜተድ ስኪኑ ላይ ቢኖር ይበቃኛል የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት፣ አለበለዚያ አንድ ሰው መጥቶ «ክላሱን ፐብሊክ እናድርገው» ይልልሻል ሃሃ።

ጥያቄ_አብዢ፦

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ። ጌት ስታይለብል ኖድ የምትባለውን ሜተድ በስሟ ማን ያገኛታል? ስሟ ስለ ስታይል ነው የሚያወራው፣ ለቴስት ትጠቅማለች ብሎ ማን ይገምታል? ክላስ ባትከፍቱም ያለውን ነገር ዶክመንቴሽን ላይ ጻፉልን።

ማታ_ኮደር፦

በዚህ እስማማለሁ፣ ሌላ ቲኬት ይወጣዋል።

ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ፣ ዝም ብዬ አንባቢ ስለ ፋየር ያልከውን ካነበብኩ በኋላ ቴስቶቻችን ውስጥ ፈልጌ አሥራ አንድ ቦታ ላይ አገኘሁት። ሁሉንም ወደ እውነተኛ የማውዝ ክሊክ ስቀይራቸው ሁለቱ ወደቁ። አንደኛው ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ላይ «ላክ» የሚለው አይተም ዲሴብልድ ነው፣ ቴስቱ ግን ለዓመታት ሲጫነውና ሲያልፍ ኖሯል። ሁለተኛው ደግሞ ለሁሉም ተጠቃሚ ነው የተዘጋው፣ ማንም መላክ አይችልም ማለት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጊት ላይ እያየሁ ነው። ቡድኑ ግሩፓችን ላይ «ቴስቶቹን አበላሸችብን» እያለ ነው፣ ልመልስላቸው ሄድኩ።